ስሙ ላይ የቀረችው ሸክላ

ማነው አቤት ያለው?

አንተ ነህ አበጀ? ተቀመጥ። ተቀመጥ አልኩህ። ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ መብራት ሄዷል፣ ወፍጮው ዝም ብሏል፣ የጠራህን ሰው አላየኸው፤ ስምህን ገና አንዴ ስትሰማ አቤት ትላለህ? ምን ብለው ነው ያሳደጉህ? ማታ ስም ሲጠራ አንዴ ዝም፣ ሁለቴ ዝም፣ በሦስተኛው አቤት ይባላል። ሙት ሦስቴ አይጠራም፣ ሦስቴ የሚጠራ ሰው ነው አላሉህም? ብለውሃል። እኔንም እንደዚያው ብለውኛል።

እሱም ቢሆን ዛሬ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ልንገራችሁ። ያቺን አንዲት አጥራችንን ማን እንዳፈረሰብን ልንገራችሁ፤ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እትዬ ማንጠግቦሽ ነገር ያካብዳሉ ትሉኝ ይሆናል፣ በሉ። መብራቱ እስኪመጣ በየጆንያችሁ ላይ ተቀመጡ። ያንን በር ግጠሙት። ተረት ተረት ብዬ አልጀምርም፣ እናንተም የላም በረት አትበሉኝ። እዚህ ውስጥ ላምም በረትም የለም፤ ያለው ገደል ነው።

ሰዓቱ ይህን የመሰለ ነው። ለዓይን ያዝ ካደረገ በኋላ፣ ጅብ ከጉድጓዱ የሚወጣበት ሰዓት። መንገዱ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የምታስኬድ ቀጭን መንገድ ናት፤ በዚህ በኩል ቁልቋል፣ በዚያ በኩል ገደል። ከመንደሩ ዳር ካለች ቤት ተነሥታ ገደሉን ተከትላ ትዞርና ማዶ እማማ ዘርፌ ደጅ ትደርሳለች። የመንደሩን ስም አትጠይቁኝ። ዘመዶቻቸው አሉ፣ ጠብ አልፈልግም።

በዚያች ዳር ቤት ስንሻው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ምን ሠራተኛ ነው? እርሻ አለው፣ ያርሳል። ልቡ ግን እርሻው ላይ አልነበረም። ልቡ ሸክላ ላይ ነበር። የዘፈን ሸክላ ነው የምላችሁ፤ ያ ጥቁሩ፣ ክቡ፣ መርፌ የሚሄድበት። ወጣት ሳለ ከተማ ወርዶ አንድ ሸክላ ቤት ተቀጥሮ ሠርቶ ነበር። ሲመለስ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ማጫወቻና አንድ ሣጥን ሙሉ ሸክላ ይዞ መጣ። ደህና ሸክላ እንዳይመስላችሁ። የተሰነጠቀ፣ የተጫረ፣ እሳት ያጎበጠው፣ ባለሱቁ ሊጥለው ያወጣውን ሁሉ።

ምን ያደርግበታል? አዲስ ድምፅ ይሠራበታል። ሁለት የተሰበሩ ሸክላዎች ይወስድና ግማሹን ከግማሹ በሙጫ ያጋጥማል፤ መርፌው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሻገር ክራሩ የጀመረውን ጥሩምባው ይጨርሰዋል። አንዱን ቀዳዳውን ከመሀሉ ፈቀቅ አድርጎ ይበሳዋል፤ ዘፋኙ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። በሌላው ላይ ጧፍ ያንጠባጥባል፤ መርፌው ጧፉን ሲመታ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የጣለ ይመስላል። ዋናው ጥበቡ ግን ምስማር ነበር። ሸክላ ላይ እንደ ማሳ የተተለመ መስመር አለ አይደል? ምስማሩን ፍም ውስጥ ከትቶ እስኪቀላ ይጠብቅና ትልሙን ያቋርጥበታል። መርፌው እዚያ ሲደርስ ይዘላል፣ ወደኋላ ይመለሳል። ይሄዳል፣ ይመለሳል። ይሄዳል፣ ይመለሳል። አንዷን ቃል እንደያዘ ይቀራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የተጫረ ሸክላንም ጨምሩበት።

ሰው ይስቅበት ነበር። "ስንሻው የተሰበረ ያዘፍናል" ይሉታል። እሱም ቁጣው ከአፍንጫው ጫፍ ነው፣ ይናደዳል፣ በሩን ይዘጋባቸዋል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያምር ነበር። አንድ ጊዜ ከሸክላ ቁርጥራጭ የአውድማ ድምፅ ሠርቶ አሰማቸው። በሬው ሲያበራይ፣ መንሹ ገለባውን ሲበትን፣ እህሉ ሲወርድ ትሰማላችሁ። አንድም በሬ ውስጡ የለም፤ ሁሉም የተበላሸ ዘፈን ነው። እርሻ ያቆሙ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እጁ የተባረከ ሰው ነው ይህንን ሁሉ ያደረገው።

አንድ ሕግ ነበረው። ጤነኛ ሸክላ አይነካም። "የሞተውን አስነሣለሁ እንጂ ያለውን አልገድልም" ይላል። ይህን ሕግ ያዙልኝ።

ጤነኛ ሸክላ ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረችው። የሚስቱ።

ደብሪቱ ትባላለች፤ የእማማ ዘርፌ ልጅ ናት። እሷም ከተማ ወርዳ ትዘፍን ነበር፣ አንዲት ሸክላ አስቀርጻለች። ስንሻውን ያወቀችው እዚያው ሸክላ ቤት ነው። ወድጄሃለሁ ብላ አፍ አውጥታ አልነገረችውም፤ ዘፈኗ መሀል ስሙን አስገባችው። አንዴ ብቻ። እንዲህ ትላለች፦

ስንሻው ዓለሜ፣ ጨለማ ነው ዱሩ፤
ብቻህን አትምጣ፣ ብዙ ነው ነገሩ።

ተጋቡ፣ መንደር ገቡ፣ ጎጆ ወጡ። ልጅ ሳይወልዱ አንድ ክረምት ትኩሳት ወሰዳት። እማማ ዘርፌ ሌላ ልጅ የላቸውም። ፎቶግራፍ እንኳ አልቀረላቸውም። የቀረቻቸው ያቺ ሸክላ ናት። ስለዚህ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያቺን መንገድ ዞረው ስንሻው ቤት ይመጣሉ፣ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ እሱ ሸክላዋን ያጫውትላቸዋል፣ ልጃቸውን ይሰማሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ። ወሬ የለ፣ ምን የለ። አንድ ቀን ብቻ በሩ ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ ይህቺን እንዳትነካት" አሉት።

"እማማ፣ ሕጌን ያውቁታል" አላቸው።

ታዲያ ምን አገኘው? ቁጣ አገኘው። በማን? በሟቿ። በሞተ ሰው ይቆጣሉ ወይ አትበሉኝ፤ ከቁጣ ሁሉ የከፋው እሱ ነው፣ የሚመልስልህ የለማ። ማታ ማታ ሸክላዋን ያጫውታል። "ስንሻው ዓለሜ" ትለዋለች፣ ልቡ ቀጥ ትላለች፣ እሷ ግን ወደ ዱሩ፣ ወደ ነገሩ ታልፋለች። አንዴ ጠርታው ትሄዳለች። እንደሞተች ዕለት። "ለምን አንዴ ብቻ?" ይላል። "ምን ነበር ብትቆዪ?" ምስማሩን ያያል። ሕጉ ትዝ ይለዋል። ምስማሩን መልሶ ያስቀምጣል።

አንድ የበጋ ጠዋት ሸክላዋን መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ትቷት እርሻ ወረደ።

ረስቶ ነው? እናንተው ፍረዱ። ሰው ያለችውን አንዲት ጤነኛ ሸክላ በበጋ ፀሐይ ይረሳታል? በጨርቅ ተጠቅልላ ከምታድርበት ሣጥን በእግሯ ወጣች? ሲመለስ ዳሯ ተጣሞ አገኛት። አንሥቶ አያት። "እኔ አልነካኋትም፣ ፀሐይ ናት ያበላሸቻት" አለ። ፀሐይ ናት አለ፣ ትሰማላችሁ? ያለውን አልገድልም ባዩ ለፀሐይ አሳልፎ ሰጣት። እንግዲህ እሷም ከተበላሹት ተቆጠረች፣ እንግዲህ ሕጉ አልተሻረም። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ከሌባ ይልቅ እሱን እፈራለሁ።

ምስማሩን ፍም ውስጥ ከተተው።

የት ላይ ጫራት? "ስንሻው ዓለሜ" ካለችው ቀጥሎ። ከስሙ ቀጥሎ ምን ነበር? "ጨለማ ነው" የሚለው ነበር። "ብቻህን አትምጣ" የሚለው ነበር። እናንተ አትርሱት። እሱ ድሮም ስሙን እንጂ ሌላውን ሰምቶት አያውቅም።

መርፌውን አስቀመጠ። "ስንሻው ዓለሜ" አለች። ቀጭ። "ስንሻው ዓለሜ።" ቀጭ። "ስንሻው ዓለሜ።" የባትሪ ድንጋዩ እስኪደክም ተቀምጦ ሰማት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ፈገግ ሲል የታየው ያን ቀን ነው ይባላል።

ቆይ። ሰማችሁ? "አበጀ" አለ ደግሞ። አንተ ዝም በል። አትንቀሳቀስ። ሁለት ሆነ ማለት ነው። ልቀጥል።

እሁድ መጣ። እማማ ዘርፌም መጡ፣ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ስንሻው የአውድማውን ሸክላ አስቀመጠላቸው። እስኪያልቅ በትዕግሥት ሰሙትና "ልጄስ?" አሉ።

"ፀሐይ አበላሸቻት፣ እማማ። ግን ተሻለች። አሁን ጠርታኝ አታልፍም።"

የሚደሰቱ መስሎታል እኮ። ይህ ነው የሚገርመኝ። አጫወተላቸው። አሮጊቷ ትንሽ ሰሙ፣ ፊታቸው ተለዋወጠ፣ ተነሥተው መርፌውን በእጃቸው አነሡት።

"ምን አደረግሃት?"

"እማማ፣ እንዲህ ብትሆን እኮ ሁልጊዜ..."

"ልጄ የምትልህ ነገር ነበራት። እንዳትጨርስ አፏን ያዝክባት። በሕይወቷ እንኳ አፏን የያዘ ሰው የለም።"

"ሸክላዋ የኔ ናት።"

"ሸክላው ያንተ ይሁን። ድምፁ የልጄ ነው።" ሸክላዋን አንሥተው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "ስትጠራህ ኑር" አሉት። ሄዱ።

እርግማን ነው ወይ ትሉኛላችሁ። እርግማን በጩኸት የሚመስለው ሰው ተረግሞ አያውቅም።

ስንሻው ሲንጨረጨር ዋለ። አልበላም፣ አልጠጣም። ሲመሽ ቁጣው ካቅሙ በላይ ሆነ፣ ሄጄ እቀማታለሁ ብሎ ተነሣ። የእጅ ባትሪው ድንጋይ አልነበረውምና ከማጫወቻዋ አውጥቶ እሱ ውስጥ ከተተው። ይህንንም ያዙልኝ። ጎረቤቱ በአጥሩ በኩል አይቶት፣ "ስንሻው፣ በዚህ ሰዓት ብቻህን? ቆይ ልሸኝህ" አለው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፈው። ጎረቤቱም "ምን አገባኝ" ብሎ ገባ። እሱንም አልምረውም።

ስንሻው ቁልቋሉ ጋ ደረሰ። መጀመሪያ የሰማው ድምፅ ዘፈን አልነበረም። መርፌ ሸክላ ላይ አርፎ ዘፈኑ ሳይጀምር ሽርርር የሚለው አለ አይደል፣ እሱን ነው የሰማው። ነፋስ ነው አለ። ነፋስ ግን ቀጭ ይላል? ሽርርር፣ ቀጭ። ሽርርር፣ ቀጭ። ጥቂት ሲሄድ ሽታው መጣ፤ የጋለ ምስማርና የተቃጠለ ሸክላ። ጥቂት ሲሄድ ደግሞ ከፊት፣ ከገደሉ በኩል፦

"ስንሻው ዓለሜ።"

ደሙ ፈላ። "አሮጊቷ እያጫወተችብኝ ነው" ብሎ ጥርሱን ነክሶ ፈጠን ፈጠን አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለምን ቆመ? በመንደሩ ማጫወቻ ያለው ማነው? እሱ ብቻ። ማጫወቻዋ የት ናት? ቤቱ። የባትሪ ድንጋዩስ? እጁ ላይ፣ መንገዱን እያበራለት።

አቤት አላለም። ያደገበትን ያውቃላ፤ እንዳንተ አይደለም አበጀ።

"ስንሻው ዓለሜ።"

ሁለት። ከንፈሩን ነከሰ። ሙት ከሆነች እዚህ ላይ ታቆማለች። የባትሪው ብርሃን እየቀላ፣ እየጠበበ ሄደ።

"ስንሻው ዓለሜ።"

ሦስት። ሦስት ከሆነ ምንድን ነው? ሰው ነው። እናቱ ነግራዋለች፣ አባቱ ነግሮታል፣ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሦስቴ የሚጠራ በሕይወት ያለ ሰው ነው። ስንሻው መንገዱ መሀል ቆሞ አለቀሰ። "አልሞተችም" አለ። ተመልከቱልኝ እንግዲህ። ሦስቴ መጥራት ማን አስተማራት? ሙታን የማይችሉትን ማን አስቻላት? እሱ ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ በጋለ ምስማር። መቶ ጊዜም ሺህ ጊዜም እንድትጠራ አድርጎ ጫራትና አሁን ቆሞ ሦስት ብሎ ይቆጥራል።

ባትሪውን ወደ ገደሉ መለሰው። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ዞረች። ደብሪቱ ናት። ወደ እሱ ተራመደች፣ እጇን ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች፤ ቀጭ። እንደገና ጀርባዋን ሰጥታ እዚያው ናት። ዞረች። ተራመደች። እጇን ዘረጋች። ቀጭ። ጀርባዋ ነው የሚታየው። ደግሞ ስትዞር ፊቷን በደንብ አየው። ከጆሮዋ ተነሥቶ ከንፈሯን ያቋረጠ የተቃጠለ መስመር አለ። ዓይኗ በቁጣ ቀልቷል።

እጇ እንዴት ነበር የተዘረጋው? እሱ ና የምትለው መስሎታል። መዳፏ ግን ወደ እሱ ዞሮ ነበር፤ ቁም የሚል እጅ ነው። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ልትነግረው አፏን ትከፍታለች፣ ጭረቱ ይመልሳታል። ትከፍታለች፣ ይመልሳታል። ማስጠንቀቂያዋን ቆርጦ የጣለው እሱ ነዋ።

ያን ጊዜ ሌላ ድምፅ ከማዶ ተጣራ። እማማ ዘርፌ ናቸው፤ ከደጃቸው ሆነው ብርሃኑ ከመንገዱ ሲወጣ አይተውታል። "ስንሻው" አሉ። ዝም። "አንተ ስንሻው፣ ወዴት ነው የምትሄደው?" ዝም። "አንተ የማትረባ፣ አንተ ደረቅ፣ ገደል ነው እኮ! ቁም!"

አሁን እስቲ መልሱልኝ። ሁለት ድምፅ ይጠራዋል። አንዱ በጠራ ቁጥር ያው ነው፤ ያው ልስላሴ፣ ያው ትንፋሽ። ሌላው በጠራ ቁጥር ይብስበታል፣ ይጮኻል፣ ይሳደባል። ሰው የቱ ነው? የሚሳደበው ነዋ። ሰው ጠርቶ ካልመለሱለት ይናደዳል። መናደድ የሕያው ነው። ደብሪቱም ተናዳ ነበር፣ ንዴቷ ግን ዓይኗ ላይ ብቻ ቀርቷል። ድምፅዋን ባሏ ወስዶባታል።

ስንሻው ስድብ መሮታል። "ዝም በይ፣ አንቺ አሮጊት" ብሎ ወደ ማዶ ጮኸ። ከዚያ ወደ ለስላሳው ድምፅ ዞረና "አቤት" አለ። ተራመደ።

ደብሪቱ የቆመችበት መሬት አልነበረም።

ጠዋት ገደሉ አጋማሽ ላይ የዛፍ ሥር ይዞት አገኙት። አልሞተም። ቢሞት ይሻለው ነበር። በገመድ አወጡት፣ ቤት አስገቡት። "ስንሻው" አሉት። "አቤት" አለ። "ምን ሆነህ ነው?" "አቤት።" ውሃ ሰጡት። "አቤት።" ሁሉም ዝም አሉ፣ ማንም አልጠራውም። "አቤት። አቤት። አቤት።" አንዱ ካንዱ አይበልጥ፣ አያንስ። በየመሀሉ ጥርሱ ቀጭ ይላል።

ያስታመሙት እማማ ዘርፌ ናቸው። እየሰደቡት አጎረሱት፣ እየሰደቡት አጠቡት። ማታ ማታ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብለው ልጃቸው ያልጨረሰችውን ይጨርሱለታል። "ብቻህን አትምጣ ነበር የምትልህ፣ አንተ ደንቆሮ። ብቻህን አትምጣ።" እንባቸው ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል። "አቤት" ይላል። እንዲህ እንዳለ ሞተ።

ሸክላዋን ልጃቸው መቃብር ውስጥ ቀበሯት። ጥሪው ቆመ? አልቆመም። የተጫረ ነገር በመቅበር አይድንም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ የሌላውም ሰው ስም ይጠራል፤ ሦስቴም፣ አራቴም። ሙታኑ ከሷ ተማሩ መሰለኝ። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። አያቶቻችን በዚያች ሦስት ጥሪ ስንቱን ሰው ከስንት ገደል መልሰዋል። ሲመሽ ሌላ ምን ነበረን? አንድ ሰው ስሙን ደጋግሞ ሊሰማ ብሎ ወሰዳት። ኧረ ነፍሱን ይማር ለማለትም አፌ አልታዘዝ ብሎኛል።

እሽ። ስሙ።

"አበጀ" አለ። ሦስት ሆነ።

ወዴት ነው የምትነሣው? ሚስቴ ናት ትላለህ? ሦስቴ ጠራች፣ ሰው ናት? እስካሁን ታዲያ ምን ስነግርህ ነው ያመሸሁት? እስቲ ልጠይቅህ። ፈንታዬ ጠርታህ ዝም ብትላት፣ በሦስተኛው ምን ትልሃለች? ሳቁ፣ ሳቁ፤ ሁላችንም እናውቃታለን። ከነዘርህ ነው የምትሰድብህ። አሁን ሰደበችህ? አልሰደበችህም። ድምፁ የመጀመሪያውን አይመስልም? የሁለተኛውን አይመስልም? ያው ነው።

ዝም በሉ። እንጠብቅ።

ሰማችሁ? በሩ ተመታ። "አንተ ደንቆሮ፣ ወፍጮ ቤት ነው ጠላ ቤት የገባኸው፣ ብርዱ ጨረሰኝ እኮ።" ተመስገን። ይህች ናት ሰው። ክፈቱላት፣ ክፈቱላት። ግቢ ፈንታዬ፣ እዚህ ጆንያው ላይ አረፍ በይ። ነፍሳችንን መለስሽልን። እኔ ነኝ አትነሣ ያልኩት፣ በሱ አትፍረጂ። እዚያ ብርድ ላይ ቆመሽ ያን ያህል ስትጠሪው...

ምን አልሽ?

በሩን ዝጉት። ዝጉት ነው የምላችሁ። በይ ለሁሉም ድገሚላቸው። አሁን ገና መድረሷ ነው። አንዴም አልጠራችውም።

ማንም ብቻውን አይወጣም ዛሬ። ዱቄቱም ይቅር፣ ጆንያውም ይደር፤ የምንወጣው እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው። አንተ አበጀ፣ መሀላችን ግባ። በግራም በቀኝም ያዙት፣ አጥብቃችሁ ያዙት። እኛ ዝም ብለናል። እሱ ግን ገና መጀመሪያ ሲጠራ አቤት ብሎታል።